ከለንደን ወደ አውሮፓ በራስ መኪና፦ በዋሻው፣ በአጭሩ መርከብ፣ በሌሊቱ መርከብ ወይስ በኪራይ?

ሐምሌ ሲቃረብ ለንደን በምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤት ስልክ ይበዛል። ኮሎኝ ሰርግ አለ፤ ፍራንክፈርት ልጅ ክርስትና ይነሣል፤ አምስተርዳም ያለች እህት ልጆቹን ካላየሁ ብላ ታኮርፋለች። የአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ሲደመር ያስደነግጣል፤ ሻንጣውም በኪሎ ይመዘናል። ስለዚህ «ለምን በመኪናችን አንሄድም?» ይባላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግራ የሚያጋባው ባሕሩን የሚሻገሩበትን መንገድ መምረጥ ነው።

አማራጮቹን ሁሉ ከቤተሰቤ ጋር ሞክሬያቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እንደ ብዙ ሰው ትኬቱ የረከሰውን እመርጥ ነበር። አሁን ግን ምርጫውን የምጀምረው ከመኪናው የኋላ ወንበር ነው፦ ማን ይቀመጣል? ዕድሜው ስንት ነው? በእጁ የያዘውስ ምን ዓይነት ፓስፖርት ነው?

የምመዝንባቸው ነገሮች

አምስት ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው የተሳፋሪው ሁሉ የጉዞ ሰነድ ነው፤ እሱ ካልተሟላ የቀሩትን ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። ሁለተኛው ከተሻገሩ በኋላ የሚቀረው መንገድ፣ ሦስተኛው የሹፌሩ እንቅልፍ ነው። አራተኛው ጠቅላላ ወጪ ነው፤ ትኬቱ ብቻ ሳይሆን ነዳጁ፣ የመንገድ ክፍያው፣ የሆቴል አዳሩና የኢንሹራንስ ጭማሪው ጭምር። አምስተኛው ዕቃ ነው። ለንጽጽሩ እንዲመች መድረሻችን ኮሎኝ ነው እንበል።

ሰነዱ ከመኪናው ይቀድማል

የብሪታንያ ፓስፖርት ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም፤ በማንኛውም የ180 ቀናት ጊዜ ውስጥ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ፓስፖርቱ ግን በሚገባበት ቀን ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ከሚወጣበት ቀን በኋላም ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለንደን ውስጥ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ክፍያው ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር እንጂ መጀመሪያ ለሚረግጡት አገር አይደለም፤ ኮሎኝ የሚሄድ ሰው በፈረንሳይ በኩል ቢያልፍም የሚያመለክተው ለጀርመን ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል።

የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዙ ወገኖቻችን ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ አለባቸው። ቪዛ ይጠየቃሉ ወይስ አይጠየቁም የሚለው ከአገር አገር ይለያያል። ይህን የተማርሁት በራሴ ስህተት ነው። አንድ ዓመት የዘመድ ልጅ ይዤ ስሄድ የመድረሻችንን አገር ደንብ በሚገባ አጣርቼ የምናልፍባትን አገር ደንብ ግን ሳላጣራ ወጣሁ። ፍተሻው የሚደረገው ገና እንግሊዝ ምድር ላይ እያለን ነበርና ከዚያው ተመለስን። ልጁ እስከ ለንደን ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ስለዚህ በካርታው ላይ መንገዳችሁ የሚነካቸውን አገሮች ሁሉ ቁጠሩና የእያንዳንዳቸውን ኤምባሲ መመሪያ ለየብቻ አንብቡ።

እናት ወይም አባት ከአዲስ አበባ ለጉብኝት መጥተው ወደ ጀርመን አብረው እንዲሄዱ ከታሰበ የሸንገን ቪዛውን እዚያው አዲስ አበባ ሳሉ ማውጣት ይሻላል። ኤምባሲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት በመሠረቱ ከነዋሪ ነው፤ በጉብኝት ቪዛ ለንደን ያለን ሰው ለምን በአገርህ አላመለከትህም ብለው ሊመልሱት ይችላሉ።

ወደ ብሪታንያ ለመመለስ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ አሁን በኤሌክትሮኒክ ስለሆነ የያዛችሁት ፓስፖርት በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ካለው መዝገባችሁ ጋር መያያዙን ከመነሣታችሁ በፊት አረጋግጡ። ፓስፖርት አድሶ አዲሱን ቁጥር ሳያስገባ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ልጆችን ከወላጆቻቸው አንዱ ብቻ ይዞ የሚጓዝ ከሆነም ቀሪው ወላጅ የፈረመበት የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ።

ከጥቅምት 2025 ጀምሮ አውሮፓ የጣት አሻራና ፎቶ የሚያነሣ አዲስ የድንበር ምዝገባ በሂደት ሥራ ላይ አውሏል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አሻራ አይሰጡም፤ ፎቶ ግን ይነሣሉ። የመጀመሪያው ምዝገባ ጊዜ ይወስዳልና በወረፋ ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡት።

አንደኛው፦ የባሕር ሥር ዋሻው

ከፎክስተን እስከ ካሌ 35 ደቂቃ ነው። ዋሻው በ1994 የተከፈተ ሲሆን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መኪናው ባቡሩ ውስጥ ይገባል፣ ሰውም ከመኪናው ሳይወርድ ይሻገራል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት፣ ለሚያጠባ ሕፃን፣ ባሕር ለሚያጥወለውለው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። እናቴን የወሰድኋት በዚህ ነው፤ «ባሕሩ የታለ?» እያለች ደረስን።

ዋጋው በመኪና የሚቆረጥ ነው፤ እስከ 9 ሰው ድረስ አንድ ሰውም ሆነ ሰባት ሰው ቢጫን ያው ነው። ለብቸኛ ተጓዥ ውድ፣ ለትልቅ ቤተሰብ ግን ለሰው ሲካፈል ሚዛናዊ ይሆናል። ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ በጣም ይለዋወጣል፤ የቅዳሜ ጠዋትና የማክሰኞ ሌሊት ዋጋ አይገናኝም።

ሁለት ነገር አስታውሱ። በጋዝ (ኤል ፒ ጂ) የሚሠራ መኪና፣ ቤንዚንም ቢጠቀም፣ አይፈቀድለትም። ጣሪያው ላይ የዕቃ ሳጥን የጫነ መኪና ደግሞ ከፍታው ከ1.85 ሜትር በላይ ከሆነ በሌላ ዓይነት ፉርጎ ስለሚጫን ትኬት ሲቆረጥ መነገር አለበት።

ሁለተኛው፦ አጭሩ መርከብ

ከዶቨር ካሌ 90 ደቂቃ፣ ከዶቨር ደንከርክ 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ትኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዋሻው ይረክሳል፤ መርከቡም ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ልጆች ሮጠው ይጫወታሉ፣ ሹፌሩም እግሩን ይዘረጋል። ለእኔ ያ 90 ደቂቃ የባከነ ጊዜ አይደለም፤ ከፊቱ 400 ኪሎ ሜትር ላለበት ሰው ግዴታ ዕረፍት ነው።

ለኮሎኝ መንገደኛ ደንከርክ ከካሌ ይሻላል። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ወደ ቤልጅየም ስለሚቀርብ በባሕር የጨመረው ግማሽ ሰዓት በየብስ ይመለሳል። ከሁለቱም ወደቦች በቤልጅየም በኩል ጀርመን ድረስ በአውራ ጎዳናው ላይ ለቤት መኪና ክፍያ የለም። የሚከፈለው ወደ ደቡብ ወርዶ በፈረንሳይ በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ወይም ጣሊያን ለሚሄድ ነው፤ አሠራሩ እንደ አዲስ አዳማ ፍጥነት መንገድ ሲገቡ ትኬት፣ ሲወጡ ሒሳብ ነው። መሪው በቀኝ በኩል ስለሆነ ግን ገንዘብ የሚሰጠው በግራ የተቀመጠው ሰው ነው።

የመርከቡ ችግር፣ መኪናውን ከታች ትቶ ወደ ላይ መውጣት ግዴታ መሆኑ ነው፤ እስኪደረስም ወደ መኪናው መመለስ አይቻልም። ደረጃ የማይችል ሰው ካለ ሊፍት አጠገብ እንዲያቆሟችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መድኃኒትና የልጅ ወተት ይዛችሁ ውጡ። በፍልሰታ የምትጓዙም የጾም ምግባችሁን መኪና ውስጥ ረስታችሁ እንዳትወጡ፤ ላይ የሚሸጠው አብዛኛው የፍስክ ነው።

በዶቨርም በፎክስተንም የፈረንሳይ ድንበር ፖሊስ ፓስፖርት የሚያየው እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሳምንት ወረፋው ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል።

ሦስተኛው፦ የሌሊቱ መርከብ

ይህን መንገድ ከእኛ ሰው ብዙው አያውቀውም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ከለንደን ወደ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከሃሪች ወደብ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ይነሣል፤ ትኬቱ ላይ 23፡00 ተብሎ ታነቡታላችሁ። በሆላንድ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ሁክ ኦፍ ሆላንድ ይደርሳል። ሌሊት ለሚጓዝ ሰው መኝታ ክፍል መያዝ ግዴታ ነው። ዓርብ ከሥራ ወጥቶ፣ እራት በልቶ፣ ልጆቹን በፒጃማቸው ጭኖ መሄድ ይቻላል። ጠዋት ከወደቡ ኮሎኝ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለምሳ ይደረሳል። አምስተርዳም የሚሄድ ሰው ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይቀረዋል።

ብዙዎች «ነዳጅ ይቆጥባል» ብለው ይመርጡታል፤ ይህ ግን በሒሳብ አይደገፍም። ከካሌ ኮሎኝ 410 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 140፣ ደርሶ መልስ 280 ኪሎ ሜትር። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትጠጣ መኪና የምትቆጥበው 20 ሊትር ያህል ነው፤ የመኝታ ክፍሉን ዋጋ አይሸፍንም። በዚህ መርከብ የምትገዙት እንቅልፍ ነው። አንድ ሹፌር ብቻ ላለበት ቤተሰብ እንቅልፍ ከነዳጅ ይበልጣል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነሥቶ ዶቨር፣ ከዚያ ቀጥታ ኮሎኝ የሚነዳ አባት ከሰዓት በኋላ አውራ ጎዳና ላይ ዓይኑ ሲከደን አይቻለሁ። ያ አባት እኔ ነበርሁ፤ ባለቤቴ ጮኻ ባትቀሰቅሰኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሌላው ጥቅሙ ሰነድን ይመለከታል። በዚህ መንገድ ፈረንሳይን ሳትነኩ ሆላንድ ትገባላችሁ፤ የድንበር ፍተሻውም እዚያ ሲደረስ ነው። ሆኖም የመርከብ ኩባንያው ከመጫኑ በፊት ሰነድ ያያል፤ ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ያለ ቪዛ ያልፋል ማለት አይደለም።

ሊድስ፣ ሼፊልድ ወይም ማንቸስተር ላላችሁ ከሀል ወደ ሮተርዳም የሚሄደው የሌሊት መርከብ ይቀርባል። ከሊድስ ዶቨር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሀል ግን 100 እንኳ አይሞላም። ከሮተርዳም ወደብ ስትወጡ የመንገድ መሪው ካርታ (ጂ ፒ ኤስ) በአዲሱ ኤ 24 መንገድ ከወሰዳችሁ በዚያ መንገድ ላይ ያለው ዋሻ ክፍያ እንዳለው ልብ በሉ፤ መክፈያ ኬላ ስለሌለው በ3 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት ካልተከፈለ ቅጣት ሊከተል ይችላል።

አራተኛው፦ መኪናውን ትቶ፣ በርሮ መከራየት

ለሁለት ሰው፣ ወይም ለሩቅ አገር፣ በሐቀኝነት ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ይህ ነው። ከካሌ ሮም ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመንገድ ላይ ሁለት አዳር ከተጨመረበት ዕረፍቱ በመንዳት ያልቃል። የኪራይ መኪና መሪው በግራ ስለሆነ፣ በተለይ አዲስ አበባ መንዳት ለተማረ ሰው፣ እጅ ወዲያው ይለምደዋል።

የተደበቀው ወጪ ግን ብዙ ነው። በሹፌሩ ስም የሆነ ክሬዲት ካርድና ትልቅ መያዣ፣ ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ሹፌር ተጨማሪ ክፍያ፣ የልጅ ወንበር በቀን ሒሳብ፣ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ፈቃድ አለ። ሦስት ልጆች ላሉት ቤተሰብ የልጅ ወንበሩ ኪራይ ብቻውን ያስቆጣል።

በአንድ እይታ

| | ዋሻው | አጭሩ መርከብ | የሌሊቱ መርከብ (ሃሪች) | በርሮ መከራየት |
|---|---|---|---|---|
| መሻገሪያ | 35 ደቂቃ | ከ90 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት | ሌሊቱን ሙሉ | አጭር በረራ |
| ኮሎኝ ድረስ የሚቀረው | 410 ኪ.ሜ. ገደማ | ከ370 እስከ 410 ኪ.ሜ. | 270 ኪ.ሜ. ገደማ | ጥቂት |
| የድንበር ፍተሻ | ፎክስተን | ዶቨር | ሆላንድ ሲደረስ | አውሮፕላን ማረፊያ |
| የሹፌር ዕረፍት | ትንሽ | መጠነኛ | ሙሉ | ጥሩ |
| የትኬት ወጪ | ለብዙ ሰው ሚዛናዊ | ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ | ከፍ ያለ፣ አዳር ያካትታል | በሰው ቁጥር ይጨምራል |
| ዕቃ | መኪናው የቻለውን | መኪናው የቻለውን | መኪናው የቻለውን | በኪሎ |
| የሚመች ለ | አረጋውያንና ሕፃናት | በጀት ለሚቆጥር | አንድ ሹፌር ላለው ቤተሰብ | ለጥንዶች፣ ለሩቅ አገር |

በራስ መኪና ከሆነ፦ መኪናዋ ምን ይጎድላታል?

ሊብሬው ዋናው ይያዝ፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። መኪናው በሌላ ሰው ስም ከሆነ የባለቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የብሪታንያ የፕላስቲክ መንጃ ፈቃድ ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይበቃል፤ የለማጅ ፈቃድ ግን ከብሪታንያ ውጭ አያገለግልም።

ኢንሹራንሱን በጥንቃቄ አንብቡት። ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ለአውሮፓ ኅብረት አረንጓዴው ካርድ (በውጭ አገር ለመንዳት ኢንሹራንስ እንዳላችሁ የሚያረጋግጠው ወረቀት) አይጠየቅም፤ ብዙዎች ይህን ሰምተው «ሙሉ ዋስትናዬ እዚያም ይሠራል» ይላሉ። በሕግ የተረጋገጠው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ብቻ ነው። የራሳችሁ መኪና ብትጎዳ ወይም ብትሰረቅ የሚከፍለው ውላችሁ ከፈቀደ ነው፣ የቀን ገደብም ይኖረዋል። ስልክ ደውላችሁ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የብልሽት እርዳታ ሽፋንም ጨምሩ፤ በፈረንሳይ ፈጣን መንገድ ላይ መኪና ቢቆምባችሁ መጀመሪያ የሚያነሣችሁ የመንገዱ ባለፈቃድ ጎታች ነው፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ከኢንሹራንሳችሁ ታስመልሳላችሁ።

ከመስከረም 2021 ወዲህ የድሮው «ጂቢ» ተለጣፊ አያገለግልም፤ «ዩኬ» የሚል መሆን አለበት፣ ታርጋው ላይ ከሌለ። የፊት መብራቱ ለግራ መንገድ የተሠራ ስለሆነ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል፤ ተለጣፊ ይደረግበት ወይም በመኪናው ማስተካከያ ይቀየር። አንጸባራቂ ሰደርያው በእጅ በሚደርስ ቦታ ይሁን እንጂ ከሻንጣ ሥር አይቀበር፤ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘንም ይኑር። እስኮርታ ጎማውን ነፋስ አስሞሉት፤ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ጭራሹን እስኮርታ የላቸውምና አሁኑኑ ከፍታችሁ እዩ።

ኮሎኝና ፍራንክፈርት መሀል ለመግባት አረንጓዴው የአየር ንጽሕና ተለጣፊ ያስፈልጋል፤ ከመነሣት በፊት ይታዘዛል። ብራስልስና አንትወርፕ ከተማ ውስጥ የሚገባ የእንግሊዝ መኪና አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ አለበት፤ በቀለበት መንገዱ ብቻ የሚያልፍ ግን አይመለከተውም። ሆላንድ ውስጥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በአብዛኛው አውራ ጎዳና ላይ የፍጥነቱ ገደብ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ነዳጅ ስትቀዱ «ጋዞል» የሚለው ናፍጣ ነው፤ ቤንዚን የምትጠጣ መኪና ውስጥ እንዳትጨምሩት።

ቅቤው

በራስ መኪና የምንሄድበት አንዱ ምክንያት ስጦታ መጫን ነው። ነገር ግን ከብሪታንያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የተነጠረ ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። አንድ ሳምንት ሙሉ የተነጠረ ቅቤ ወደብ ላይ ሲጣል ማየት ልብ ይሰብራል። በርበሬና ሽሮ የእንስሳት ተዋጽኦ ስላልሆኑ ይህ እገዳ አይነካቸውም፤ ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ የሕፃን ዱቄት ወተትም እንዲሁ። ስትመለሱ ደግሞ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ብሪታንያም ከአውሮፓ የሚመጣ የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ እንዲሁም የወተት ውጤት ለግል መጠቀሚያ እንኳ አታስገባም።

ለማን የቱ?

እናት ወይም አባት አብረዋችሁ ካሉ፣ ወይም ሕፃን ካለ፣ ዋሻውን ያዙ፤ ዋጋውን ለማውረድ ቀኑን ወደ ሳምንቱ መሀል ግፉት። ገንዘብ አጥሮ ሁለት ሹፌር ካላችሁ ዶቨር ደንከርክ ይበቃችኋል፤ በመርከቡ ላይ አንዱ ይተኛ። አንድ ሹፌርና ሦስት ልጆች ከሆናችሁ፣ አቅም እስከፈቀደ፣ የሃሪችን የሌሊት መርከብ ምረጡ፤ አቅም ካልፈቀደ በአጭሩ መርከብ ሂዱና ቤልጅየም ውስጥ እደሩ። ሁለት ሆናችሁ ጣሊያን ወይም ስፔን የምትሄዱ መኪናችሁን ደጃችሁ አቁማችሁ ብረሩ።

ቪዛ የሚጠብቅ ሰው በመካከላችሁ ካለ፣ በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ፣ ቀን ሊቀየርበት የሚችል ትኬት ግዙ፤ ልዩነቱ የማይመለስ ትኬት ከማቃጠል ያንሳል። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ሊገባ ይችላል፤ ለሐምሌ ሰርግ ከየካቲት ጀምሮ ቀጠሮ መፈለግ ይገባል። ለሐምሌና ነሐሴ ጉዞ ቀጠሮ ማግኘት ይከብዳል፤ እኛ ሁላችን የምንፈልገው ያን ጊዜ ነውና።